ጋሼ ታደለ ያስቀመጡልኝ ስፒና

በፋብሪካችን የኤሌክትሪክ ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ጋሼ ታደለ ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ በግሽ አባይ ሰፈር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ የኖርሁ ጎረቤታቸው ነኝ።

ጋሼ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታው በፊት ዓይናቸው ሽቦ ይፈልግ ነበር። የተላጠ ገመድ ካዩ ከኪሳቸው ፒንሳ አውጥተው ስፒናውን ቆርጠው ይዘውት ይሄዳሉ። «ገመድ ቀይራችሁ ኑ፤ መልሼ እገጥመዋለሁ» ይላሉ። በዕረፍት ቀናቸው ብስክሌታቸውን እየገፉ በከተማችን ሐይቅ ዳር ወደሚኖሩት ዓሣ አስጋሪዎች ይወርዱና የየቤቱን ሽቦ ሲጠግኑ ይውላሉ። እኛ ግን የኤሌክትሪክ ምድጃችንን አልጋ ሥር ሳንደብቅ በር አንከፍትላቸውም ነበር። በዓል ሲመጣ የሚጠራቸውም ሰው እያነሰ ሄደ።

የእኔንም ካውያ ስፒና ቆረጡብኝ። በማግስቱ ሰልፍ ስለነበር ካኪዬን መተኮስ ነበረብኝ። እልህ ያዘኝና ሁለቱን እራቁት ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ቀዳዳ ከትቼ በክብሪት እንጨት ወተፍኋቸው፤ ያኔ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ነበር። «ያለ እሳቸውም ይሠራል!» ብዬ ጮህሁ። ወዲያው አንዱ ሽቦ ሾልኮ ወደቀ። ወለሉን አጥባ ባዶ እግሯን የቆመችው ባለቤቴ ልታነሣው ጎንበስ ስትል መብራቱ ጠፋ። ጋሼ ጩኸቴን ሰምተው በረንዳው ላይ ካለው ቆጣሪ አጥፍተውት ነበር።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ባለቤቴን የገደላት እኔ የወተፍሁት ክብሪት ነው» አሉኝ። «ባለሙያ ነኝ እኮ! ስፒናውን ነገ እገጥመዋለሁ ብዬ ምድጃውን እንዲያው ሰካሁላት።»

ሲነሡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እሑድ ገመድ ይዘህ ና። እገጥምልሃለሁ፤ እግረ መንገድህንም ትንሽ እንጫወታለን» አሉ።

እመጣለሁ አልኋቸው፤ አልሄድሁም። ያን ካወቅሁ በኋላ ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ። ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። እሑድ እሑድ ሬዲዮአቸውን ሲቀንሱ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። በር ቢንኳኳ እንዲሰሙ ኖሯል።

ከቀብር በኋላ ዕቃቸውን ስናነሣ ከአልጋቸው ሥር አንድ የሳሙና ካርቶን አገኘን። የሰፈሩ ሰው ስፒና ሁሉ፣ የየባለቤቱ ስም በፕላስተር ተጽፎበት ተደርድሯል። ከሁሉም አዲስ ገመድ የተገጠመለት የእኔ ብቻ ነበር።

ጋሼ፣ ገመዱን ካውያዬ ላይ አስሬዋለሁ። ወለሉ ደረቅ ነው፤ ባለቤቴም ጫማ አድርጋለች። ዛሬ እሑድ ነውና መጥቼ በርዎን አንኳኳሁ፤ እንደማይከፈት እያወቅሁ። ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ ሬዲዮዎን አይቀንሱ፤ ይረፉ።