የተኛው ልብ

ይህንን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ ሐሜቴንና ቁጣዬን ስናዘዝ ይቺን እየዘለልኩ ተመልሻለሁ። እናንተ የምታነቡ፣ ዛሬ ስሙኝ።

ባሌ ጌታሁን ኮምባይነር ነጂ ነበር። ስንዴ ሲደርስ ከአሰላ ተነስቶ ጎበሳ ይሰነብታል። ልጅ አልወለድንም። ባለቀስኩ ቁጥር «አንቺ ትበቂኛለሽ» ይለኝ ነበር። እኔ ሞኟ አመንኩት።

ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እሱ ሲመረመር ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ስልኩ ጠራ፤ አነሳሁት።

«አባዬ፣ ተሻለህ?» አለች አንዲት ልጅ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የጌታሁን! ከጎበሳ ነው የምደውለው፤ ሜሮን ነኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ስመልሰው ሐኪሙ ጠራኝ። እንደ አገራችን ልማድ በሽተኛው ውጭ አግዳሚ ላይ ቀረ፤ አስታማሚዋ እኔ ብቻዬን ገባሁ።

«የልባቸው ጡንቻ አልሞተም» አለኝ ሐኪሙ። «ደም ስላጠረው ሥራውን አቁሞ ተኝቷል። የጠበበው ደም ስር ከተከፈተለት ይነቃል። አዲስ አበባ ይውሰዷቸው። ከዘገያችሁ ግን ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ አይመለስም።»

ወጣሁ። ጌታሁን «ምን አለሽ?» ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ። እኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም። አስታማሚ ፊቷን ካዞረች በሽተኛው የቀረውን ራሱ ያውቀዋል። እኔም ይህንን እያወቅሁ ነው ያዞርኩት። የምሥራች ይዤ የመርዶ ፊት አሳየሁት። አንድ ሌሊት ብቻ ይጨነቅ ብዬ ነበር። እውነት አንድ ሌሊት ነበር ያሰብኩት?

በማግስቱ እያለቀሰ ስለ ሜሮንና ስለ እናቷ ነገረኝ። «ልሞት ስለሆነ ነው የምነግርሽ» አለ። ይሄ ይብስ አቃጠለኝ። የሚሞት ባይመስለው ኖሮ እስከ መቼ ሊያታልለኝ ነበር? ልቡ ሊድን እንደሚችል ሳልነግረው ቀረሁ። ስንዴው ያለ እሱ ታጨደ። ክረምት ሲገባ እግሩ አበጠ፣ ከአልጋ እስከ በር መራመድ አቃተው። እኔ ጨው የሌለው ሾርባ እያጠጣሁ፣ ትራሱን እያስተካከልኩ ዝም አልኩ። ጎረቤቱ «ሚስት ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር።

ትንፋሽ ሲያጥረው ፈራሁና መልሼ ወሰድኩት። ሐኪሙ መረመረውና ተቆጣ። «ምነው እስካሁን? ለባለቤትዎ ነግሬያቸው አልነበር? አሁንማ ጠባሳ ሆኗል» አለ።

ጌታሁን ትከሻዬን ተደግፎ ቤት ገባ። ምነው በሰደበኝ! አልጋው ላይ ሳስተኛው ብቻ ጠየቀኝ።

«ሜሮንን ያኔውኑ አውቀሻት ነበር?»

«አዎ።»

«ለልጄ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «እናቷ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው፤ ካንቺ ሌላ የምትጠጋበት የላትም።»

ሳይቆይ ሞተ። እናቷ ዐረብ አገር ስትሄድ ሜሮን እኔ ዘንድ መጣች። ሰው ሁሉ አባቷን እንዴት እንዳስታመምኩት ይነግራታል፤ እሷም እጄን ትስማለች።

ከድቶኛል፤ አልደብቅም፣ ዛሬም ያመኛል። ግን የከዳኝ ሰው አልገደለኝም። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ፊቴን በማዞር ብቻ። እናንተ ይቅር በሉኝ አልልም፤ የእናንተ አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሜሮን ናት። እሷ ደግሞ እማዬ ትለኛለች።