የኡመር ድምፅ የነበረበት ቦታ

ሀዲልን የሚያውቅ ሁሉ ስትናደድ ዝም እንደምትል ያውቃል። ያን ቀን ከአሶሳ ሆሞሻ እስኪደርሱ፣ አጠገቧ ለተቀመጠው የሥራ ባልደረባዋ ለለሜሳ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ልጆች የቤርታን ቋንቋ በድምፅ የሚማሩበትን ፕሮግራም የጀመረችው እሷ ናት። ድምፃቸውን የሰጧት የሆሞሻዎቹ ባልና ሚስት፣ ኡመርና ዐፊፋ ነበሩ፤ ኡመር ይጠይቃሉ፣ ዐፊፋ ይመልሳሉ። ክረምት ላይ ኡመር ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ዐፊፋ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኗት፦ «ሥራ ሲያልቅ፣ የሱ ድምፅ አሰማኝ።»

የቢሮው ላፕቶፕ የጋራ ነው። ቫይረስ በገባ ቁጥር ሲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ፎርማት ተደርጎ ስለሚጠረግ፣ ሰው ሁሉ ሀብቱን ዲ በሚባለው ክፍል ላይ ያስቀምጣል። ሀዲልም ድምፆቹን ዲ ላይ በአንድ ፎልደር አስቀምጣ፣ ኮድ የምትጽፍበትን ፕሮግራም «ከዚያ እያመጣህ አሳይ» አለችው። እሱም በስክሪኑ ግራ በኩል ስማቸውን ከፕሮጀክቷ ፋይሎች ጋር ደረደረላት። ላየው ሰው እዚያው ያሉ ይመስላል። ግን የሰው ስልክ ቁጥር መያዝ ሰውየውን ቤት ማሳደር አይደለም። የአሶሳ ኔትወርክ ያን ሁሉ ድምፅ ስለማይሸከም ሌላ ቅጂም አልነበረም፤ በዚህም በራሷ ትናደዳለች።

ያን ቀን ጠዋት ፕሮግራሙን ስትከፍት ስሞቹ በቦታቸው አሉ፣ እያንዳንዳቸው ላይ ቀይ ምልክት ተለጥፎባቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ሁለት ቦታ ነበረ እኮ» አለ ለሜሳ። «ፕሮግራሙ ውስጥም አለ፣ ዲ ላይም አለ። ዲስኩ ሲሞላብኝ ትርፉን ነው ያጠፋሁት።»

«ፕሮግራሙ ውስጥ ያየኸው አድራሻውን ነው። ያፈረስከው ቤቱን ነው።»

«በምን ላውቅ?»

አፍ አለህ፣ ጎረቤትህ ተቀምጣለች፣ አትጠይቅም? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። ይሄኛው የሚለቀምም አልነበረም፤ ባጠፋው ቦታ ላይ ፊልም ጭኖበታል። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን መሣሪያ ሁሉ ሞከረች። ያገኘችው የፊልም ቁርጥራጭ ነው።

«ትነግራቸዋለህ» አለችው። «እኔ ብቻዬን አልሄድም።»

ዐፊፋ እነሀዲል እንደሚመጡ ሰምተው ነበርና ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ አዲስ ልብስ ለብሰው ጠበቋቸው። ሥራው ያለቀ መስሏቸዋል። ይህን ስታይ ሀዲል ከንዴቷ ብዛት እንባዋ መጣ። ለሜሳ አቀርቅሮ የምንጣፉን ጠርዝ ያስተካክል ጀመር። የተናገረችው እሷው ናት።

«እማማ፣ የጋሽ ኡመር ድምፅ ጠፍቷል። የለም።»

ዐፊፋ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ጎተቱት። በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ኡመር ይላል።»

«እንግዲህ አለ። ክፈት።»

ሀዲል ከፈተች። ፋይሉ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ክፈት፣ ልጄ። ስሙ አለ።»

ደግማ ከፈተች። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ለሜሳ ገፋችው።

«አንተ ክፈትላቸው።»

ለሜሳ ስሙ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ዐፊፋ ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።