አራት ብሎኖች በጣሳ

ትናንት ምሳ እየበላሁ ሬዲዮው ሩቅ አገር ስለወደቀ አውሮፕላን አወራ። «የመካኒኩ ጥፋት ነው» አለ። ዘጋሁት። መካኒክ ሲባል ጋሽ መርዕድ ይመጡብኛል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትንንሽ አውሮፕላኖች ወደ ክፍለ ሀገር የሚያበር፣ ዛሬ የሌለ ድርጅት ውስጥ የመጠገኛውን አዳራሽ አጸዳ ነበር። ጉለሌ፣ ከዊንጌት በላይ ካለችው ኪራይ ቤቴ በሐምሌ ጭቃ ጫማዬን በእጄ ይዤ እወርድና አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ዓይን አፋር ስለነበርኩ የሚያናግረኝ አልነበረም። ጋሽ መርዕድ ብቻ የሽምብራ ቆሎ ከኪሳቸው እየዘገኑ፣ «እንቺ የሺ፣ ዛሬም ምላስሽን ቤት ረሳሽው?» ይሉኝ ነበር። ለእኔ ያ የቀኑ ጨዋታ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ መካኒኮቹ የውይይት ክበብ ነበራቸው። ከውይይት የቀረ ሂስ ይወርድበታል፤ ሥራ ያላለቀለትም እንደዚያው። ስለዚህ ልማድ ሆነ፦ መጀመሪያ «ተጠናቋል» ብሎ መፈረም፣ ከስብሰባ መልስ ሥራውን መጨረስ።

አንድ ረቡዕ እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ሳለ ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው ተጣሩ።

«ጓድ መርዕድ፣ አንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው!»

«የሞተሩ ክዳን አራት ብሎን ቀርቶታል፣ ጓድ።»

«ብሎን እግር የለው፣ የት ይሄድብሃል? ፈርምና ና!»

ፈረሙ።

ውይይቱ ረዘመ። አውሮፕላን የሚያስወጡት ተረኞች መጡ፣ ወረቀቱን አዩ፣ አውሮፕላኑን ጎትተው አወጡ። ብሎኖቹ ጣሳ ውስጥ ነበሩ፤ መወልወያዬን እንደያዝኩ አየኋቸው። ወረቀቱ አልቋል ይላል። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ልጅ ማንን ላርም? መወልወሌን ቀጠልኩ።

ጋሽ መርዕድ ሲመለሱ ቦታው ባዶ ነበር። ጣሳውን ይዘው ወደ ሜዳው ሮጡ፤ አውሮፕላኑ ተነስቷል።

ክዳኑ አየር ላይ ተገንጥሎ ክንፉን መታ። አብራሪው እንደምንም መለሰው፤ ሰው አልሞተም።

በምርመራው ላይ ኃላፊው፣ «እኔ ፈርም አላልኩም» አሉ። መርማሪው ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ የሰማሽው ነገር አለ?»

ጋሽ መርዕድ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እንጀራቸው በአንድ ቃሌ ላይ ነበር።

«እየወለወልኩ ነበር» አልኩ።

ተባረሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው የእሳቸው ስም ብቻ ነው። በሚቀጥለው ረቡዕም የቀሩት መካኒኮች እንደ ልማዳቸው ፈርመው ወደ ስብሰባ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቆሎ የሚዘግንልኝ አልነበረም፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ሬዲዮውን መልሼ ስከፍተው ወደ ሌላ ወሬ አልፏል። እዚያም አገር የሰማች፣ መወልወያ የያዘች ሴት ትኖር ይሆን?

«ፈርም ሲሏቸው ሰምቻለሁ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።