ድምፅ የሌለው መፈክር

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ሳለሁ የልቤ ምኞት የዱር እንስሳት ሐኪም መሆን ነበር። ጓደኞቼ «የአንበሳው ዶክተር» እያሉ ይቀልዱብኛል። ለልምምድ አሰላ ስመደብ ግን የገጠመኝ ላም፣ አሁንም ላም፣ ለለውጥ ያህል ደግሞ በሬ ሆነ። የደጋ አጋዘን እንኳ የማውቀው ከሲጋራ ፓኮ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከጭላሎ ግርጌ ካለ የገበሬ ማኅበር መልእክት መጣ። አንዲት አጋዘን የገብስ ማሳ አጥር ስትዘል በእንጨቱ ተወግታ፣ ገበሬዎቹ ይዘው የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ቆልፈውባታል። አሠልጣኜ ዶክተር እኔን አስከትሎ ሄደ። በማደንዘዣ አስተኝቶ ጭኗን ሰፋላት።

ከዚያ ለከብት ክትባት ወደ ኢተያ እየተጣደፈ፣ «ቁስሉ አይገድላትም፤ ድንጋጤ ግን ይገድላታል። ነቅታ እስክትወጣ ኮሽታ እንዳትሰማ፣ አደራ!» አለኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። የመጀመሪያዋ የዱር ታካሚዬ!

ምን ያደርጋል፣ ቀኑ የስብሰባ ቀን ነበር። አዳራሹን እሷ ስለያዘችው ገበሬው ደጁን ሞልቶት ቆሟል። ስብሰባ ደግሞ የሚከፈተው በመፈክር ነው፤ ያውም ተራራው እስኪያስተጋባ። ሸምገል ወዳሉት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሮጥኩ።

«አባባ፣ የዛሬን መፈክሩን ይተዉልኝ፤ ትሞትብኛለች!»

«ያ ረቢ! ያለ መፈክር? አውራጃ ቢሰማ የሚታሰረው ማነው? አንተ ነህ?»

በጣቴ ወደ አዳራሹ አመለከትኩ። እሳቸው የተዘጋውን በር አዩ፣ ጢማቸውን አከኩ። ከዚያ ፊት ለቆሙት «ጨል ጄዻ» ብለው በኦሮምኛ ዝም አሰኟቸውና የሆነ ነገር አንሾካሾኩ። ትእዛዙ ከጆሮ ወደ ጆሮ እስከ ኋላ ደረሰ።

ሊቀ መንበሩ የግራ እጃቸውን ጨብጠው አነሱ። ሕዝቡም አነሳ። አፍ ሁሉ ተከፈተ፣ የአንገት ሥር ሁሉ ተገተረ፣ ድምፅ ግን የለም። ሳቄ እንዳያመልጠኝ የጋዋኔን እጅጌ ነከስኩ።

መፈክሩ ሳያልቅ ከውስጥ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። እየተንገዳገደች ወጣች። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ስላላወረዱ ማንም አላወረደም። ሕዝቡ ግን እንደዚያው እንዳለ ወደ ግራና ቀኝ ተከፈለላት። እያነከሰች በመሀላቸው አለፈች፤ በግቢው አጥር በር ወጥታ ተራራው ላይ ወዳለው የአስታ ዛፍ ጫካ አቀናች፣ ከዚያም ጠፋች።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ሄደች እኮ! አንተም እጅህን አውርድ እንጂ።»

ቀና ብል የራሴም ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ተሰቅሏል። እንባዬ አገጬ ድረስ ወርዶ ነበር።