ከሸራው ስር የታየች ቀጭኔ

ትናንት ጎጃም በረንዳ ሳልፍ የአንድ ጭነት መኪና ሸራ ተገለጠ። ፀሐይ የመታው የሸራ ሽታ አጎቴን ማርቆስን አስታወሰኝ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ ማላዊ ላይ ተይዞ፣ ታስሮ መመለሱ ነው። አብሮት የሄደው የጎረቤታችን የእትዬ አበበች ልጅ ተመስገን ግን አልመጣም። ትልልቆቹ መርዶውን በማግስቱ ንጋት ላይ ሊያረዷቸው ተቀጣጥረዋል። ለእኛ ለልጆቹ ማንም አልነገረንም። እትዬ አበበች ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይጠሩ መጡ።

«ተሜ ደህና ነው እትዬ፤ ወደፊት አለፈ» አላቸው አጎቴ። ከዚያ የመንገዱን ወሬ ጀመረ፤ ዳሩ ስለማይታይ ሐይቅ፣ መንገድ ዳር ስለቆመች ቀጭኔ።

«ተሜም አያት?»

«አየ እንጂ! ‹እናቴን ትመስላለች› ብሎ ሲስቅ ነበር።»

«ይሄ ባለጌ! አንገቴ ረዘመበት?» ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

እኔም እንደ አዋቂ ልጠይቅ ብዬ፣ «አጎቴ፣ ጠዋት ለአባዬ ‹ከሸራው ስር ሰማይም አላየን፤ ትንፋሽ አጠረን› ብለኸው የለ? ታዲያ ቀጭኔዋን እንዴት አያችኋት?» አልኩት።

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አጎቴ አቀረቀረ። እትዬ አበበች የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ማርቆስ» አሉት፣ «አጠገቡ ነበርክ?»

«ነበርኩ» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። መምህሮቻችን ጠይቁ፣ አትፍሩ ይሉናል። እኔ ግን እጄን ከማውጣቴ በፊት የሰዉን ፊት አያለሁ።