በታመመ ዲስክ ላይ የቀረ ምርቃት

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ቡታጅራ ወዳለችው ሱቄ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። አልከፈት ብሎት ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዛሬ ሰው ሁሉን ነገር በስልኩ ስለሚይዝ ያንን ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ልጁ "ቶሎ ትጨርሺልኛለሽ?" ሲለኝ፣ ቶሎ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም አልኩት። ኮስተር ብዬበት መሰለኝ ደንገጥ አለ። ምን ያድርግ፤ "ቶሎ" የምትለዋ ቃል እኔን ምን እንዳሠራችኝ አያውቅ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች አንድ ክፍል ኮምፒውተር እጠግን ነበር። በከተማው ይህን ሥራ የምትሠራ ሌላ ሴት ስለማላውቅ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ሌላው ሦስት ቀን የሚለውን እኔ አንድ ቀን እላለሁ። እናቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብላ ስትመክረኝ፣ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈስሰው ነበር።

መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ከቸሃ ገጠር መጡ። ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አስቀምጠው ነበር ያመጡት። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ውሃ እንኳን ሳይጠጡ ታሪኩን ነገሩኝ።

ባለቤታቸው ከዓመት በፊት አርፈዋል። ሞት መቅረቡን ሲያውቁ ልጆቻቸውን ሰብስበው በየስማቸው መረቁ። ጉንችሬ ከተማ የሚያስተምረው ታላቁ ልጃቸው ምርቃቱን በስልኩ ቀድቶ ወደዚህ ኮምፒውተር ገለበጠው። በኋላ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ተበላሸ፤ አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ አልከፈት አለ። ከልጆቹ መሃል ያልነበረችው አልማዝ ብቻ ነበረች። አባቷ "አይሆንም" እያሉ ጥላቸው ዓረብ አገር ሄዳለች፤ እሳቸውም ስሟ በፊታቸው እንዳይነሳ ከልክለው ኖረዋል። በመጨረሻዋ ሰዓት ግን ይቅር ብለው መረቋት። እናቷ ይህን በስልክ ቢነግሯት አላመነችም። "እኔን ለማጽናናት ነው የምትዪው" ብላ አለቀሰች። አሁን ከአራት ዓመት በኋላ ለመስቀል ልትመጣ ነው።

"ከአባቷ አፍ ካልሰማች ይህቺ ልጅ አታርፍም" አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ። "ደግሞ አደራ፣ ቅጂውን እሷ ሳትሰማው ማንም እንዳይከፍተው። የእሷ ነው።"

እኔም ያለ አንዳች ማንገራገር ነገ ይምጡ አልኳቸው። እሳቸው ወልቂጤ ያለች ዘመዳቸው ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

የዲስክ ነገር እንዲህ ነው። ገጹ በብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ክፍሎች ተሸንሽኗል። አንዳንዱ ክፍል ሲታመም የተጻፈበት አልነበብ ይላል፤ ባድ ሴክተር እንለዋለን። ጥቂት ከሆነ ኮምፒውተሩ ምልክት አድርጎበት፣ ሁለተኛ እዚያ ላይ ሳይጽፍ እያለፈው ይኖራል። ይህን ምልክት የሚያደርግ የጥገና ፕሮግራም አለ። ግን ዲስኩ በሞት አፋፍ ላይ ከሆነ ያ ጥገና ራሱ ይገድለዋል፤ በታመመው ቦታ ላይ ደጋግሞ እየተመላለሰ ያደክመዋል። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል እንዴት ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ እንዳለብኝም አውቅ ነበር፤ እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፣ እኔ ደግሞ ነገ ብያለሁ። ጥገናውን አስጀመርኩትና በቆሎ እሸት ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጥገናው የደረሰበትን የሚያሳየው ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። የያዝኩት በቆሎ ከእጄ ወደቀ። ነቅዬ አጠፋሁትና እዚያው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የሟች ቃል በእጄ ላይ ጠፋ ብዬ።

በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ ሲመጡ ልዋሽ አስቤ ነበር። ሲመጣ እንዲህ ነበር ብል ማን ያውቃል? ዓይናቸውን ሳይ ግን ምላሴ እምቢ አለኝ። ቸኩዬ አባባስኩት አልኳቸው። ኮምፒውተሩን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። ከዚያ፣ የበሰበሰው ሁሉም ነው ወይስ አንድ ጎኑ፣ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ጎኑ ይመስለኛል አልኩ።

"ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ አንድ ጎኑ ቢበላሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ቆጮ መብላት እንጂ ከጉድጓድ ማውጣት አላውቅም።

"መጀመሪያ ደህናውን ታወጫለሽ" አሉ። "የተበላሸውን እያገላበጥሽ ከነካካሽው ለደህናውም ይተርፋል። እሱን መጨረሻ ላይ ታዪዋለሽ። ያን ጊዜም ከውስጡ የሚበላ አታጪም።"

አፈርኩ። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሴት የራሴን ሥራ አስተማሩኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ሲዲ ነበረ። ላዩ ላይ ያለው ፕሮግራም ልክ እንደዚያው ነው የሚሠራው፤ የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጣል፣ የታመመው ቦታ ሲደርስ ትቶት ያልፋል፣ በመጨረሻ ተመልሶ ከዳር ከዳሩ ይሞክራል። ቀርፋፋ ስለሆነ ነበር የጠላሁት።

አራት ቀን ፈጀ። መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ደግነቱ ፕሮግራሙ የደረሰበትን መዝግቦ ስለሚይዝ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ ሲግል አጠፋውና አሳርፈዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እመልሳለሁ። ቸርች እንኳን ሳልሄድ ቀረሁና የመዘምራን ጓደኞቼ ታመመች ብለው ሊጠይቁኝ መጡ። በአራተኛው ቀን ከጥቂት ክፍሎች በቀር ሁሉም ወጣ። ያልወጡት ጥቂቶቹ ከምርቃቱ ፋይል ውስጥ ነበሩ። እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል ማለት ነው። የት ላይ እንደሆነ ግን ሰምቼ ላጣራ አልችልም፤ አደራ አለብኝ።

ለመስቀል ኮምፒውተሩን የወጣው ሁሉ ያለበትን ዲስክ ገጥሜለት፣ ይዤው ቸሃ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ከየደጃፉ የቅቤው ሽታ ይመጣል። ክትፎውን በጣባ ሰጡኝ፤ ሳልነካው አስቀመጥኩት። አልማዝ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በገዛ አባቷ ቤት እንደ እንግዳ የምትሽኮረመም። ታላቅ ወንድሟ ኮምፒውተሩን ከመብራቱ ጋር አገናኘልኝና ከፈትኩት።

የሽማግሌ ድምፅ ቤቱን ሞላው። በየስማቸው መረቁ፤ እንደ አገሩ ወግ ከእያንዳንዱ ምርቃት በኋላ ቤተሰቡ አሜን ይላል። አልማዝ ብቻ አፏ አልተከፈተም። ከዚያ፣ "ልጄን አልማዝን…" አሉ።

ድምፁ ጠፋ።

እዚያው ላይ! በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያ ዝምታ በአማርኛም በቸሃ ቋንቋም ሊነገር የማይችል ያህል ረጅም ነበር። አልማዝ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ፤ "…ቤቴ ቤቷ ነው። በሰላም ትግባ።"

ምርቃቱ አለቀ። ያ የጠፋው በእኔ ጥድፊያ ነው አልኩ። እትዬ ጥሩነሽ ተነስተው ሄደው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

"እዚህ ላይ ያለውን እኔ ሰምቻለሁ" አሉ። "እጁን ይዤው ነበር። 'ይቅር ብያታለሁ፣ እሷም ይቅር ትበለኝ' ነው ያለው።"

አልማዝ እናቷን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። በስልክ የነገሯት ቃል ራሱ ነው። አሁን ግን ከፊቱ ስሟ፣ ከኋላው ቤቷ፣ በአባቷ ድምፅ አለ። ወደ እኔ ዞረችና "ወደ ኋላ መልሺው" አለችኝ።

መለስኩት። "ልጄን አልማዝን…" አሉ ሽማግሌው፤ ድምፁ ጠፋ፤ በዚያ ዝምታ መሃል አልማዝ "አሜን" አለች። እየጮኸች እያለቀሰች አለችው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከትሏት አሜን አለ። እኔም አልኩ።

አልማዝ ወደ ዓረብ አገር አልተመለሰችም። ዛሬ ወልቂጤ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሦስት ልጆች አሏት፤ እኔም ከቤተሰቡ ጋር ተዛምጄ ቀረሁ፣ መስቀልን እነሱ ዘንድ ነው የምውለው። ሥራዬንም ከዚያ ወዲህ በእርጋታ ነው የምሠራው፤ ደህናውን ሳላወጣ የታመመውን አልነካም። ከሰው ጋር ስጣላም እንዲሁ ለማድረግ እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም።

ፋይሉ አሁን በቤተሰቡ ሁሉ ስልክ ላይ አለ። አያታቸውን አይተው የማያውቁት ልጆች በየመስቀሉ ያዳምጡታል። ያቺ ዝምታ ስትደርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ አሜን ይላሉ፤ አያታቸው ሆን ብለው አሜን እንዲሉበት የተዉላቸው ቦታ ይመስላቸዋል። የእኔ ጥፋት መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።