በቀጥታ ስርጭት የዋጥኩት መልስ

አምና በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ፣ በሲያትል ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ በማዘጋጀው የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም ሐሰት ተነገረ። ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ተጠየቅሁ፤ አልመለስኩም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባልደረቦቼም፣ ለባለቤቴም።

የዕለቱ ክርክር ስለ ሕክምና ወጪ ነበር። መንግሥት ለጤና መድን የሚሰጠውን ድጎማ ይቀንስ ወይስ ያስፋ? ያን ሰሞን ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ፖለቲከኞቹ በዚሁ ይጨቃጨቁ ነበር፤ እኛም ሰፈር ሌላ ወሬ አልነበረም። ሁለት እንግዶች ጋበዝኩ። አቶ መስፍን ሊንውድ ውስጥ መደብር አለው፤ መንግሥት ከሕክምናው ላይ እጁን ያንሳ ባይ ነው። ሲስተር ሰናይት ሾርላይን የምትኖር ነርስ ናት፤ መድን ለሁሉም ይዳረስ ትላለች።

ሲጀመር ጨዋታ ነበር።

«መስፍኔ፣ አንተ እኮ ወገብህን ሲያምህ የምትደውለው ለእኔ ነው» አለችው።

«ታዲያስ! አንቺ የክፍያ ቢል አትልኪም!»

ስቱዲዮው ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ከዚያ ነገሩ ከረረ። መስፍን ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕዝቤ ይስማኝ» አለ። «የመንግሥት ኢንሹራንስ የያዘ ሰው ቤተሰቡን ከአገር ቤት ማምጣት አይችልም። ፋይሉን ያዩና ይጥሉታል። ሶ፣ ልጅ ለማምጣት ያመለከታችሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ከኢንሹራንሱ ውጡ።»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። «ጋዜጠኛው አንተ ነህ። እውነት ነው ወይ? ንገራቸው እንጂ!»

እውነት አልነበረም። ይኸው ወሬ በከተማው ሲናፈስ ስለሰማሁ፣ በዚያው ሳምንት ለሁለት የኢሚግሬሽን ጠበቆች ደውዬ አጣርቼ ነበር። ሁለቱም ለየብቻ ያሉኝ አንድ ነው፤ እናት የመንግሥት መድን ስለያዘች ብቻ የልጇ ማመልከቻ አይወድቅም። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ ግን፣ «የእኔ ሥራ ማወያየት እንጂ መዳኘት አይደለም። ወደ ስልክ እንሂድ» አልኩ።

ለምን? ገለልተኛ ለመሆን ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ። ገለልተኛ ሰው በሁለት አስተያየቶች መካከል ይቆማል። በእውነትና በሐሰት መካከል የሚቆመው ምን ይባላል? ምክንያቴ ይህ ነው፦ የስልክ መስመሮቹ ሁሉ ተይዘው ነበር። በዚህ ሥራ ስኖር እንደዚያ የጋለ ክርክር አዘጋጅቼ አላውቅም። መልሱን ብሰጥ ይበርዳል። እንዲበርድ አልፈለግሁም።

በየካቲት አንዲት ወጣት ወደ ጣቢያው ደወለች። አክስቷ ዘምዘም ሥራ ላይ እያሉ ስትሮክ እንደጣላቸው ነግራኝ፣ ሕዝቡ ዱዓ እንዲያደርግላቸው አስነግሩልን አለች። ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘምዘም የደሴ ሰው ናቸው፤ ቱክዊላ የገበያ ማዕከል ውስጥ በጽዳት ይሠሩ ነበር። በየበዓሉ ደውለው አገር ቤት ለቀረችው ልጃቸው ለሐያት መልካም ምኞት ያስተላልፋሉ። ልጃቸውን ለማምጣት ማመልከታቸውን ከአድማጭ የማያውቅ የለም። የታመመ ይጠየቃልና ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ሄድኩ።

ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። አፋቸው ጠመም ብሏል። ቃሉ ሲያስቸግራቸው የእህታቸው ልጅ እየደገመች ታሰማኝ ነበር።

«ልጄ፣ አላህ ይስጥህ» አሉኝ። «ቀድማችሁ ባትነግሩን ሐያትን አጥቻት ነበር። በነጋታው ኢንሹራንሱን ካንስል አደረግሁት።»

«መድኃኒትዎስ?»

«የግፊቱን? ያለችኝን ለሁለት እየገመስኩ አብቃቃኋት። ከዚያ አለቀች። ምን ይደረግ፤ ልጅ ይበልጣላ።»

«ሰውየው ያለውን አመኑት ማለት ነው?»

«ሰውየውን የት አውቀዋለሁ! አንተን ነው እንጂ። ሐሰት ቢሆን አንተ ዝም ትላለህ?»

ምን መለስኩ? «አላህ ያሽርዎ» አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ጥድፊያ ነበር ልበል። እዚያ ሳሎን ውስጥ ማን አጣደፈኝ? ምስጋናቸውን ተቀብዬ፣ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

በቀጣዩ እሑድ ማስተካከያ አነበብኩ። ቀደም ባለ ፕሮግራም ስለ ጤና መድንና ስለ ቪዛ የተሰጠው አስተያየት ትክክል አይደለም የሚል ነበር። እያንዳንዱ ቃል ልክ ነው። አውቅ እንደነበር ግን አይልም። ተጠይቄ እንደነበር አይልም። የእህታቸው ልጅ ያን ሰምታ መድኑን እንደገና አስገባችላቸው፤ ደውላም አጽናናችኝ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ። ሰው ይሳሳታል» አለችኝ። አልተሳሳትኩም። አውቅ ነበር። ይህንንም አልነገርኳትም። እንግዲህ ሦስተኛ መሆኑ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒቱ ባይቋረጥ ኖሮ አይወድቁም ነበር ብዬ ማረጋገጥ አልችልም። ሌላ ዘገባ ቢሆን ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ወደሚቀጥለው አልፍ ነበር። እዚህ ላይ ግን መሸሸጊያ ላደርገው መብት የለኝም። ጥፋቱ የመስፍን ነው ማለትም አልችልም፤ መስፍን የተናገረው የሚያምንበትን ነው። ካመንኩት የተለየውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የተጠየቅሁትም እኔ ነኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታውን ከአንተ አልጠይቅም፤ ያንተ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ነገ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ፣ በእህታቸው ልጅ ፊት፣ በራሴ አፍ ለእትዬ ዘምዘም እናገራለሁ። ይቅር ባይሉኝ ልክ ናቸው።

ሐያት በሰኔ አዲስ አበባ ላይ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀረበች። ራሷን በስልክ ጠይቄ እንዳረጋገጥኩት፣ ስለ እናቷ ኢንሹራንስ ማንም አልጠየቃትም።